የት ተሸለመ? የት ታየ?

«የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄጄ ነበር» ስል ብዙ ሰው «ጣና እንዴት ከረመ?» ይለኛል። እኔ የምለው የእኛዋን ባሕር ዳርን አይደለም። ካንን ነው፤ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሜዲትራኒያን ባሕር ጠርዝ ላይ ያለችውን፣ በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ የዓለም ፊልም ሠሪ፣ ፊልም ሻጭ፣ ፎቶ አንሺና ወሬ ለቃሚ ሁሉ የሚጎርፍባትን ትንሽ ከተማ። የሄድኩት በ2007 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2015 መሆኑ ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ያን ዓመት የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የተባለው ፊልም «አን ሰርታን ርጋር» በሚሉት የውድድር ዘርፍ ተመርጦ ነበር። «የሆነ ለየት ያለ ዕይታ» እንደ ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ለካን ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው ፊልም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። በነዚህ ዓመታት ስለዚህ ፊልም ከብዙ ሰው ጋር አውርቻለሁ፤ ከቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከጋዜጠኛ ወዳጆቼ፣ ከታክሲ ተሳፋሪ ሳይቀር። «ካን እኮ ገባ!» ያላለኝ የለም። «ልጁና በጉስ መጨረሻ ላይ ምን ሆኑ?» ብዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ ሰው ግን ከአንድ እጄ ጣቶች አይበልጥም። ፊልሙን አላዩትማ! አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያላነበበውን መጽሐፍ የሚያደንቅ ተማሪ ሲገጥመኝ ዜሮ እሰጠው ነበር። አገር በሙሉ ያላየውን ፊልም ሲያደንቅ ዜሮው ለማን እንደሚሰጥ እንጃ።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ፌስቲቫል የሚባለው ነገር ለአንድ ፊልም ምን ያደርግለታል? እኛስ በሰው አገር ጭብጨባ የራሳችንን ፊልም መመዘን የጀመርነው ለምንድን ነው?

እኔ እንኳን ካን የሄድኩት ተጋብዤ አይደለም። ፓሪስ ላይ ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ተጠርቼ ነበር። ጉባኤው ሲያልቅ ኒስ የምትኖር የእህቴ ልጅ ደወለችና «ጋሼ፣ እዚህ ድረስ መጥተህ ሳታየኝ ከተመለስክ እናቴ በሕይወቷ ይቅር አትልህም» አለችኝ። እህቴን ስለማውቃት ሄድኩ። ልጅቷ ደግሞ ለካስ የምትሠራው ካን ነው፤ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ክፍል ታጸዳለች። ከኒስ ካን በባቡር ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። «ፌስቲቫል ነው፤ ና ላሳይህ» አለችኝ።

አየሁ። «ክሯዜት» የሚሉት ሰፊ ጎዳና ባሕሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ዘንባባ ተተክሎበታል። በአንድ በኩል ሆቴሎቹ፣ በሌላ በኩል አሸዋው፣ ከአሸዋው ማዶ የባለጸጎቹ ጀልባ። ጀልባ ስል የጣናን ታንኳ አታስቡ፤ ባለ ፎቅ ቤት ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አስቡ። የፌስቲቫሉ አዳራሽ በር ላይ ሃያ አራት ደረጃ አለ፤ ቀይ ምንጣፍ ለብሷል። ከምንጣፉ ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ብረት ጋር በሰንሰለትና በቁልፍ የታሰሩ መሰላሎች ተደርድረዋል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ቤት እየቀቡ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ፎቶ አንሺውና ተመልካቹ ማታ ላይ ቆሞ ተዋናይ ለማየት ከቀናት በፊት ቦታ የያዘበት ነው አሉኝ። ለእኛ አገር የስኳር ሰልፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ቦታ መያዝ ማለት ነው። ሰው ሁሉ አንድ ነው።

ይበልጥ የገረሙኝ ግን ለማኞቹ ናቸው። አዎ፣ ለማኞች! ወንዱ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ የቢራቢሮ ክራባት አስሮ፣ ሴቷ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ለብሳ፣ ደረታቸው ላይ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። «መግቢያ ወረቀት ካለዎት እባክዎ» ይላል ጽሑፉ። ካን ላይ እንደኛ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆርጦ መግባት የለም፤ ፌስቲቫሉ የባለሙያዎች ነው፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያ የሌለው ልመና ይወጣል። በታላቁ አዳራሽ የማታ ትርዒት ደግሞ መታወቂያም ኖሮህ አለባበስህ ካላማረ በሩ ላይ ትመለሳለህ። ያን ዓመት እንዲያውም ተረከዝ የሌለው ጫማ ያደረጉ ሴቶች ከቀዩ ምንጣፍ ተመለሱ ተብሎ ዓለም ጉድ ሲል ከረመ።

ይህን ሁሉ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ፊልሙን የሚያየው ታዲያ መቼ ነው?» አልኳት። የእህቴ ልጅ ሳቀች። «ጋሼ፣ እዚህ የሚተያይ እንጂ የሚያይ ትንሽ ነው» አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ አጭር ሂስ ከተማሪዎቼ አላገኘሁም።

ከዚያ አሸዋው ላይ እንቀመጥ አልኳት። ተቀመጥን። እሷ ግን የተቀመጠችው ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነው። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሯል፤ እሷ ብቻ ወደ ሆቴሎቹ። መጀመሪያ ፀሐይ ሸሽታ መሰለኝ። በኋላ «ባሕሩን አላየውም፤ ስሠራም መስኮት ስወለውል ዓይኔን ወደ መስታወቱ እንጂ ወደ ውጭ አልልክም» አለችኝ። ይቺ ልጅ ከጎንደር የወጣችው በመተማ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ አንዲት ትንሽ ድልድይ ተሻግራ ጋላባት፣ ከጋላባት ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከካርቱም በረሃውን አቋርጣ ሊቢያ፣ ከሊቢያ በጀልባ ላምፔዱዛ። አብረዋት ከተነሡት ውስጥ ያልደረሱ አሉ። ስንት እንደሆኑ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ያቺ ግንቦት ደግሞ ቀላል ግንቦት አልነበረችም። ከፌስቲቫሉ መክፈቻ በፊት፣ በሚያዝያ፣ አይ.ኤስ. የሚባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን አርዶና ረሽኖ ቪዲዮውን ለቆ ነበር፤ አገር ሦስት ቀን ሐዘን ተቀምጧል። በዚያው ሰሞን በዚያው ባሕር ላይ አንዲት ጀልባ ተገልብጣ ወደ ስምንት መቶ የሚጠጋ ሰው አልቋል። ወር እንኳ ሳይሞላ ነው ካን ላይ ምንጣፉ የተነጠፈው። ባሕሩ አንድ ነው። በዚህኛው ጠርዝ ይጨበጨብበታል፤ በዚያኛው ይሰጠምበታል።

ካን ይህን አታውቅም ማለቴ አይደለም፤ ታውቃለች። የዚያ ዓመት የመጨረሻው ታላቅ ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባው፣ የተሰጠው ለዣክ ኦዲያር «ዲፓን» ነው፤ ከስሪላንካ ጦርነት ሸሽቶ ፓሪስ ዳርቻ ስለሚሰፍር ስደተኛ የሚተርክ ፊልም። ስደተኛው ሸራ ላይ ሲመጣ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ፌስቲቫሉ ከተዘጋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ፈረንሳይ ድንበሯን ዘጋችና፣ ከካን በባቡር ሁለት ሰዓት በማይርቅ ቬንቲሚሊያ በሚባል የጣሊያን ጠረፍ፣ በሥጋው የመጣው ስደተኛ ባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተኝቶ ከረመ። አብዛኞቹ ከሱዳንና ከኤርትራ የመጡ ነበሩ። ፊልሙን የሠራው ሰው ጥፋት የለበትም። ሥራው ነውና ሠራ። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ጭብጨባ የፈራጅ ቃል አይደለም፤ አጨብጫቢው ማንነቱን የሚያሳይበት ድምፅ ነው።

ለነገሩ ፌስቲቫልና እኛ የምንተዋወቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀውን ላጫውታችሁ። ከካን በፊት የነበረው ትልቁ ፌስቲቫል የቬኒስ ነበር፤ ጣሊያን አገር፣ ያም ባሕር ዳር። እ.ኤ.አ. በ1938 ቬኒስ «የሙሶሊኒ ዋንጫ» የሚባለውን ከፍተኛ ሽልማቱን ለሁለት ፊልሞች ሰጠ። አንደኛው የሂትለር ጀርመን የኦሊምፒክ ፊልም ነው። ሁለተኛው «ሉቺያኖ ሴራ፣ አብራሪ» ይባላል፤ አንድ ጣሊያናዊ አውሮፕላን አብራሪ እኛን ሊወጋ ዘምቶ እንደ ጀግና ሲሞት የሚያሳይ ፊልም። ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነው፤ እሱ ራሱ አገራችን ላይ ቦምብ የጣለ አብራሪ ነበር። በዚህ ሽልማት ፈረንሳዮቹ ተቆጡና «የራሳችንን እናቋቁም» ብለው ካንን መረጡ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939 ሊከፈት ሲል ሂትለር ፖላንድን ወረረ፤ የመጀመሪያው ፌስቲቫል የተካሄደው በ1946 ነው።

እንግዲህ ካን በተፀነሰች ጊዜ እኛም ነበርን ማለት ነው፤ ከአውሮፕላኑ በታች። ልክ በሰባ ዓመቱ ደግሞ፣ በ2008፣ ያው ቬኒስ ለጎንደሩ ልጅ ለኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት ሰጠ። ደስ ብሎኛል፤ ማን ደስ የማይለው አለ? ነገር ግን ሁለቱን ሽልማቶች ጎን ለጎን ሳያቸው አንድ ነገር ይታየኛል። የሰባ ዓመቱ ለውጥ የቬኒስ ለውጥ ነው። «ሉቺያኖ ሴራ» በመሸለሙ እውነት አልሆነም፤ «ጤዛ»ም እውነት የሆነው በመሸለሙ አይደለም። ከውትድርና አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተደበቁትን ልጆች ያየ የአማራ ገበሬ፣ የደርግን ዘመን የኖረ ሰው፣ «ይህ ሆኗል» ሲል ነው «ጤዛ» እውነት የሚሆነው። ያንን ማኅተም ቬኒስ ልታትምለት አትችልም፤ ማኅተሙ እሷ ዘንድ የለም።

ወደ «ላምብ» ልመለስ። እኔም ካን ላይ አላየሁትም፤ አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አልነበረኝምና። ያየሁት ቆይቶ አዲስ አበባ፣ አንድ ወዳጄ ሳሎን፣ በላፕቶፕ ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ ነው ታሪኩ፤ በረድኤት አማረ የተጫወተው። እናቱ ሞታለች። አባትየው ልጁንና «ቹኒ» የምትባለውን በጉን ተራራማ አገር ዘመድ ቤት አስቀምጦ ሥራ ፍለጋ ከተማ ይሄዳል። አጎትየው ለመስቀል በጓን ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ ምግብ ማብሰል ይችልበታልና ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ይሸጣል፤ በጉን ይዞ ወደ ቀዬው ለመመለሻ ሳንቲም ያጠራቅማል።

ጥሩ ፊልም ነው። ጥሩነቱ የት እንዳለ ልንገራችሁ፤ እጅ ላይ ነው። ያ ልጅ ሊጥ ሲያድበለብል፣ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ አጎትየው «የሴት ሥራ» ብሎ ሲያፍርበት፣ ፊልሙ አይሰብክም፤ እጁን ብቻ ያሳያል። በእኛ ፊልም ለቅሶ ሲመጣ ከኋላ ዋሽንት ይከተላል፤ እዚህ ዝምታ አለ። በቅድስት ስዩም የተጫወተችው፣ ጋዜጣ የምታነበው የቤቱ ልጅ ጽዮንም አለች፤ በደንብ የተጻፈች ገጸ ባሕርይ ናት። ስትሄድ ለምን እንደሄደች ማንም አያስረዳንም፤ ገብቶናል።

ጉድለቱስ? ተራራው በጣም ያምራል። አንዳንድ ቦታ ካሜራው ልጁን ትቶ ከተራራው ጋር ፍቅር ይይዘዋል፤ ያኔ የማን ዓይን ውስጥ እንዳለሁ ይጠፋኛል። እዚያ ለተወለደ ሰው ተራራ የሚያምር ነገር አይደለም፤ ውሃ የሚቀዳበት፣ እንጨት የሚለቀምበት አቀበት ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የአባትየው መንገድ ነው። ልጁን አስቀምጦ ይሄዳል፤ ከዚያ ፊልሙ አይከተለውም። የልጅ ታሪክ ነውና ደራሲውን አልወቅሰውም። እንደ ተመልካች ግን ልቤ አብሮት ሄደ። በእኛ አገር ልጁን ዘመድ ቤት አስቀምጦ የሚሄደው አባት የት ይደርሳል? ከደጋው የሚነሣው ስንቱ ነው ከተማ የሚገባው፣ ስንቱ ነው ቆላ የሚወርደው?

ቆላውን ሄጄ አየሁት። በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከጎንደር ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርጄ፣ ገንዳ ውሃን አልፌ መተማ ዮሐንስ ገባሁ። የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ነበር። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ጤፍ አይታገስም፤ ደርሶ ቀን ካለፈው ፍሬው እያፈተለከ መሬት ይበላዋል። ስለዚህ ከጎጃም፣ ከደብረ ታቦር፣ ከወገራ፣ ከየደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወንድ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ማጭዱንና ነጠላውን ይዞ፣ ወባውንና ካላዛሩን ችሎ። የኤፍሬምን አባት እዚያ በሺህ አየሁት።

ማታ ማታ የሚሄዱበት ቪዲዮ ቤት አለ። ግድግዳው ሸምበቆ፣ ጣሪያው ሸራ፣ መቀመጫው አግዳሚ። አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ጄኔሬተር። እኔም ከፍዬ ገባሁ፤ ስለ ጫማዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በአማርኛ የሚተረክ የሕንድ ፊልም ነበር የሚታየው፤ አንድ ተርጓሚ የወንዱንም የሴቷንም የሽማግሌውንም ቃል በአንድ ድምፅ ይናገራል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የዋለ ጎረምሳ ሁሉ፣ ወንድማማቾቹ በተገናኙበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን በነጠላው ሲጠርግ አየሁት። እዚያ የሚተያይ አልነበረም። ሁሉም ያይ ነበር።

ሲያልቅ ባለቤቱን «አማርኛ ፊልም አታሳይም እንዴ?» አልኩት። «አሳይ ነበር፤ አልሄድ አለኝ» አለ። ለምን? «አባቴ፣ የአዲስ አበባ ፊልም ሶፋ ላይ ነው የሚያልቀው። ሶፋ ላይ ይጣላሉ፤ ሶፋ ላይ ይታረቃሉ። እዚህ ሶፋ ያለው ማን አለ?» አለኝ። ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ሳቄ ቆመ። እውነቱን እኮ ነው! የአማርኛ ፊልም ሲያብብ፣ በየሳምንቱ አዲስ ፖስተር በሚሰቀልበት ዘመን፣ ስንቱን አይተናል፤ ሀብታም ሴት፣ ደሃ ወንድ፣ ቪላ ቤት፣ የተረሳ ልጅ፣ ሆስፒታል፣ ይቅርታ። ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ ደግሞ ለማሳቂያ ትገባለች፤ አነጋገሯ ያስቃል፣ መብራት ማጥፊያ አለማወቋ ያስቃል። መጋረጃው ሲወርድ እሷ የት እንደምትተኛ የጠየቀ ፊልም ከስንት አንድ ነው።

እዚህ ላይ ጎረቤታችንን ሱዳንን ልጥራ፤ መተማ ላይ ቆሞ ሱዳንን አለመጥራት አይቻልምና። በሰላሙ ጊዜ መተማ ለገዳሪፍ ሰው ራሷ ካን ነበረች። እነሱ አገር መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነበር። እናም አመሻሹ ላይ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ድልድዩን ይሻገር ነበር፤ መብራት፣ ሙዚቃና ቀዝቃዛ ቢራ ፍለጋ። የሱዳን ዘፈን ይከፈትለታል፤ እኛም እንወደዋለን፤ አብረን እንጨፍራለን። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁባት ከተማ እንዲህ የፌሽታ ከተማ ሆና ነበር። ታሪክ አንዳንዴ ይራራል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ያው ድልድይ ላይ አሁን የሚመጣው ቢራ ፈላጊ አልነበረም፤ ሻንጣ የሚጎትት ሐኪም፣ ልጅ ያዘለች መምህርት፣ የብዙ አገር ዜጋ ነበር። ኩመር የሚባል ቦታ ላይ የስደተኛ ጣቢያ ተሠራ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ግንቦት፣ ካን ላይ የሱዳናዊው ሞሐመድ ኮርዶፋኒ «ደህና ሁኚ ጁሊያ» ታየ። ከሱዳን ለይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው ፊልም ነው፤ «ላምብ» በቀረበበት በዚያው ዘርፍ ቀርቦ የነፃነት ሽልማት የሚሉትን ወሰደ። ፊልሙ የሚናገርላት ካርቱም እየተቃጠለች ነው ምንጣፉ ላይ የቆሙት።

ታሪኩ ከደቡብ ሱዳን መገንጠል በፊት ባሉት ዓመታት የሆነ ነው። ሞና ካርቱም ውስጥ የምትኖር የሰሜን ሴት ናት፤ ዘፋኝ ነበረች፣ ባሏ ስላልወደደ ትታዋለች። በእሷ ጥፋት ሰበብ አንድ የደቡብ ሰው ይገደላል። ሞና ጥፋቷን ትደብቅና የሟቹን ሚስት ጁሊያን ፈልጋ ቤቷ ሠራተኛ አድርጋ ትቀጥራታለች፤ ልጇን ታስተምርላታለች፤ ትወዳታለች እንኳን። ግን እውነቱን አትነግራትም። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ቤት ውስጥ ነው የሚሄደው። ሶፋም አለበት! ልዩነቱ ግን፣ ሶፋው ላይ ማን እንደሚቀመጥና መሬት ላይ ማን እንደሚቀመጥ ያሳየናል። ሠራተኛዋ ማሳቂያ አይደለችም፤ የአንድ አገር መሰንጠቅ በእሷ ሰሐንና ኩባያ ይነገራል። ኮርዶፋኒ የደቡቡን ሰው አልከሰሰም፣ ፈረንጅንም አልከሰሰም። የራሱን ወገን፣ የሰሜኑን የተማረ ቤተሰብ፣ «አንተስ ምን አደረግህ?» ብሎ ጠየቀው። ይህን ጥያቄ በአማርኛ ስንቴ ጠይቀናል? እኛ ጠላታችን ሁልጊዜ ከቤታችን ውጭ ነው።

አንድ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ እነዚህን ፊልሞች ያደነቅሃቸው ካን ስለመረጠልህ አይደለም እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። «ላምብ» ያለ ፈረንሳይ ገንዘብ አይሠራም ነበር፤ «ደህና ሁኚ ጁሊያ»ንም ዓለም የሰማው በካን ነው። በራሳችን አገር ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ የሚያወጣ ተቋም ስለሌለ ፊልም ሠሪው ውጭ አገር ቢማጠን አልፈርድበትም። በውጭ የሚታይ ፊልም ሁሉ ለፈረንጅ የተሠራ ነው የሚለውን የሰነፍ ሂስም አልቀበልም። የምለው አንድ ነው። ምርጫው የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከካን ወደ አገር ቤት የሚመለሰው ዜናው ብቻ ከሆነ፣ ፊልሙ እንደ እህቴ ልጅ ባሕር ማዶ ቀርቷል ማለት ነው።

«መተማ ላይ ደግሞ ማን ፊልም ያሳያል? ሰው በሰላም አልሄድ ባለበት!» የሚለኝም ይኖራል። እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ አገር መንገዱ የእገታ መንገድ ሆኗል፤ ስደተኛውም ጣቢያው ውስጥ ሳይቀር ተዘርፏል፣ ተጠቅቷል። ፊልም ከሰላም አይቀድምም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በበርሊን የተሸለመ «ስለ ዛፎች ማውራት» የሚባል ሌላ የሱዳን ዘጋቢ ፊልም አለ። አራት ሽማግሌ ፊልም ሠሪዎች በአልበሽር ዘመን ኦምዱርማን ውስጥ የተዘጋ ሲኒማ ቤት ሊከፍቱ ሲደክሙ ያሳያል። ሸራ ያጥባሉ፣ ወንበር ይጠርጋሉ፣ ቢሮ ለቢሮ ፈቃድ ይለምናሉ፣ ሠፈሩን «ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አልተሳካላቸውም። ግን ከአራቱ አንዱም «የት ነው የምንሸለመው?» ሲል አልሰማሁትም። ጥያቄያቸው ሁሉ ማን መጥቶ ይቀመጣል የሚል ነው።

ካን ራሷም ይህን የምታውቅበት አንድ ቦታ አላት። በፌስቲቫሉ ሰሞን ማታ ማታ አሸዋው ላይ ሸራ ይወጠርና ለከተማው ሰው ሁሉ በነፃ ፊልም ይታያል። መታወቂያ የለም፣ ክራባት የለም፤ የቀደመ ይቀመጣል። ከዚያች ከተማ ሀብት ሁሉ እኛ ልንቀዳው የምንችለው ይህችን ብቻ ነው፤ ወጪዋም ትንሽ ነው። ሸራና ማሽን ከጎንደር ይሄዳል፤ ጄኔሬተሩ እዚያው አለ፤ ጨለማውን መተማ በነፃ ታቀርባለች።

የእኛ ፊልም ሠሪዎች ፖስተራቸው ላይ በቅጠል የተከበበ የፌስቲቫል ስም መደርደር ይወዳሉ፤ ካን፣ ቬኒስ፣ በርሊን፣ ቶሮንቶ። ይደርድሩ፣ ደክመውበታል። እኔ ግን ከእንግዲህ አዲስ ፊልም ወጣ ሲሉኝ ከቅጠሎቹ መሀል የምፈልጋቸው ሌሎች ስሞች ናቸው፤ ገንዳ ውሃ፣ ኮኪት፣ መተማ ዮሐንስ። የኤፍሬም አባት ማጭዱን አስቀምጦ አግዳሚው ላይ የተቀመጠባቸው ቦታዎች። እሱ አይቶት «ይህ የእኔ ልጅ ነው» ካለ፣ ወይም «ውሸታችሁን ነው» ብሎ ተነሥቶ ከወጣ፣ ያኔ ፊልሙ ተዳኝቷል።